የእንግዳ ክፍል ቁም ሳጥን፦ አንዱ በር ለእንግዳ፣ ሌላው ለቤት

ባህር ዳር ቤት ያለው ሰው እንግዳ አያጣም። ጥር ሲገባ ለጥምቀትና ለሰርግ ይመጣሉ። የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት ወደ ዘጌ የሚሻገሩ አሉ። ምርቃት ሲኖር የተመራቂው እናትና አባት፣ አክስትና አጎት ተሰብስበው ይመጣሉ። ነሐሴ ላይ ለፍልሰታ ሱባኤ ገዳም የሚገቡ ዘመዶች መጀመሪያ እኛ ጋ ያድራሉ። በዚህ ሁሉ መሃል ደግሞ የሐኪም ቀጠሮ ያለው አለ። ጠዋት ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል መገኘት ያለበትን የዳንግላ ዘመድ ሆቴል እደር አትሉትም።

እኛ ቤት ትርፍ ክፍሏ አንድ ናት። እንግዳ ይተኛባታል፤ የቤቱም ዕቃ ይቀመጥባታል። ውስጧ ያለው ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን ሁለቱንም ሥራ ይሠራል። ብዙ ሰው ቤት እንዲሁ ነው። ችግሩ፣ እንግዳ በሌለበት ጊዜ የቤቱ ዕቃ ቀስ እያለ የእንግዳውን ቦታ ይወርሳል። የልጆች አሮጌ ደብተር፣ የተበላሸ ካውያ፣ የማይበቃ ሱሪ፣ "አንድ ቀን ይጠቅማል" የተባለው ሁሉ እዚያ ይገባል። እንግዳው ሲመጣ ልብሱን ወንበር ላይ ይከምራል፣ ሻንጣውን አልጋ ሥር ይገፋል።

እኔ ቁም ሳጥኑን የማደራጀው አንድ ነገር ይዤ ነው፦ የኛ እንግዳ አይጠይቅም። ይሉኝታ ይይዘዋል። "ብርድ ልብስ ልጨምርልዎት?" ስትሉት "ኧረ ምን አድርጎኝ፣ ጋቢዬ ይበቃኛል" ይላል። ሌሊቱን ተኮራምቶ ያድራል። ጠዋት "እንዴት አደሩ?" ሲባል መልሱ "እግዚአብሔር ይመስገን" ነው። ፎጣ ረስቶ ቢመጣ በነጠላው ይጠራረጋል እንጂ "ፎጣ አላችሁ?" አይልም። ስለዚህ ሊጠይቅ የሚያፍርበት ነገር ሁሉ፣ ሳይጠይቅ እጁ የሚደርስበት ቦታ መቀመጥ አለበት።

መጀመሪያ ግድግዳውን እዩ

ዕቃ ከማውጣታችሁ በፊት ቁም ሳጥኑ የቆመበትን ግድግዳ እዩት። የባህር ዳር ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የተሰጣ ልብስ ገመድ ላይ ውሎ አድሮም አይደርቅም። እኛ ያለነው ሽምብጥ አካባቢ፣ ለጣና ቅርብ ነው። እዚህ ቁም ሳጥን ዝናብ ከሚመታው የውጭ ግድግዳ ወይም ከመታጠቢያ ቤት ጋር ከሚዋሰነው ግድግዳ ጋር ከተለጠፈ፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ይሻግታል።

ቀላል መፈተሻ አለ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ውሰዱ። አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ግድግዳው ላይ ግጥም አድርጋችሁ ለጥፉ። ሁለት ቀን ተዉት። ጠሉ ከላስቲኩ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ከታየ እርጥበቱ የሚመጣው ከግድግዳው ውስጥ ነው። ያኔ ቁም ሳጥኑን ወደ ሌላ ግድግዳ አዙሩት፤ ጣሪያውንና አሸንዳውንም አስፈትሹ። ጠሉ ከላይ፣ በክፍሉ በኩል ከታየ ግን የታፈነው የክፍሉ አየር ነው። እሱ መስኮት በመክፈት ይስተካከላል።

ግድግዳው ደህና ቢሆንም ቁም ሳጥኑን አታስጠጉት። ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ክፍተት ተዉ፣ አየር እንዲያልፍ። እግር ከሌለው ከሥሩ እንጨት አስገቡለት። አሁን በየቤቱ ያለው ቁም ሳጥን አብዛኛው ቺፕውድ ነው። ቺፕውድ ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ አንዴ ካበጠ ወደ ቦታው አይመለስም። ወለል በውሃ በሚወለወልበት ቤት መጀመሪያ የሚበላሸው የቁም ሳጥኑ እግር ነው።

የእንግዳው በር

ለእንግዳው አንድ በር ሙሉ ስጡት። የመደርደሪያ ግማሽ፣ የመስቀያ ሩብ እያሉ ማካፈል አይሠራም። የናንተ ልብስ ጎኑ ካለ፣ እሱን ላለመንካት ሲል የራሱን አያስገባም። ከሦስቱ በር ለአልጋው የሚቀርበውን ምረጡ። ሲከፈት አልጋውን ወይም የክፍሉን በር የሚመታ ከሆነ ግን ሌላውን። ሌሊት መብራት ቢጠፋ በዳበሳ የሚገኝ መሆን አለበት።

ልኬት ለምታሠሩ፦ ጥልቀቱ 60 ሴንቲሜትር ይሁን። ከ55 ካነሰ መስቀያው አግድም አይገባም፣ በሩም አይዘጋም። ሸሚዝና ጃኬት ለማንጠልጠል ከብረቱ በታች 1 ሜትር ይበቃል። ረጅም የሐበሻ ቀሚስ ግን 1 ሜትር ከ50 ይፈልጋል። ጥር ላይ የሚመጡት ሴቶች የሰርግ ቀሚስ ይዘው ነው የሚመጡት። ስለዚህ የእንግዳውን መደርደሪያ በምስማር አላስመታሁትም። በድጋፍ ላይ ብቻ ነው የተቀመጠው። ጥር ሲደርስ አነሳዋለሁ፣ ቀሚሱ እስከ ታች ይወርዳል። አናጢው "ይወዛወዛል" ብሎ ተከራክሮኝ ነበር። እስካሁን አልወደቀም።

መስቀያ ስድስት ሰባት ባዶውን ይኑር። የሽቦ መስቀያ ግን አውጥታችሁ ጣሉት። በዚህ እርጥበት ይዝጋል፣ ነጭ ልብስ ትከሻ ላይ ቡናማ መስመር ይተዋል። ፕላስቲኩ ወይም እንጨቱ ይሻላል።

የታችኛው ወለል ባዶ ይሁን። ሻንጣ፣ ዘንቢል፣ አንዳንዴም ማዳበሪያ ይቀመጥበታል። ከገጠር የሚመጣ ዘመድ ባዶ እጁን አይመጣም። ቅቤውን፣ ማሩን፣ ጤፉን ግን ወዲያው ተቀብላችሁ ወደ ጓዳ አስገቡ። ቁም ሳጥን ውስጥ አንድ ሌሊት ያደረ ቅቤ ሽታው ከልብስ ላይ ቶሎ አይለቅም።

ዋናው መደርደሪያ ከወገብ እስከ ደረት ባለው ከፍታ ይሁን። የባለቤቴ እናት ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ጎንበስ ማለት አይችሉም፤ በርጩማ ላይ መውጣትማ አይታሰብም። ለእሳቸው የተመቸ ለሁሉም ይመቻል። እዚያ ላይ መጀመሪያ የማስቀምጠው ሌሊት የሚፈለገውን ነው፦ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አንድ ቀላል፣ ተጨማሪ ትራስ፣ የእጅ ባትሪ። ወፍራምና ቀላል ያልኩት በምክንያት ነው። ባህር ዳር ከባህር ወለል በላይ 1800 ሜትር አካባቢ ናት። ደብረ ታቦር 2700 ይደርሳል። የደብረ ታቦር ሰው እዚህ መጥቶ ይሞቀዋል፣ ብርድ ልብሱን ይገፋል። የመተማ ሰው በታህሳስ ሲመጣ ደግሞ፣ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ሁለቱም አይናገሩም። ሁለቱም ዓይነት ካለ ራሳቸው ይመርጣሉ።

ከዚያ ቀጥሎ የጠዋቱ፦ ፎጣ፣ ሳሙና፣ ሶፍት፣ ነጠላ ጫማ። ፎጣው አዲስ አይሁን። አዲስ ፎጣ፣ ማሸጊያው ላይ ያለ፣ እንግዳ አይነካውም፤ "ለማን አስቀምጠውት ነው" ብሎ ያልፈዋል። ታጥቦ የለሰለሰ፣ ንጹሕ ፎጣ ነው የሚወሰደው። ሕፃን ወይም አዛውንት ሲመጣ ፖፖም እዚያው፣ ከታች፣ በጨርቅ ተሸፍና ትቀመጣለች። ሌሊት ሽንት ቤት ፍለጋ በሰው ቤት ኮሪደር መንጎዳጎድ ለአዛውንት አደጋ ነው። መስገጃም አለን። የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ከነቤተሰቡ ሲመጣ፣ ወደ የት መዞር እንዳለበት ብቻ ነው የምንነግረው።

አጎበሩን አልረሳሁትም። ባህር ዳር ወባ አለ፤ በተለይ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር። የደጋ እንግዳ አጎበር አልለመደም፤ መደርደሪያ ላይ ብታስቀምጡለት አውጥቶ አይሰቅለውም። ስለዚህ እሱን ቀድማችሁ አልጋው ላይ ስቀሉት። ቁም ሳጥን ውስጥ የሚቀመጠው መሬት ላይ ለሚተኛው ሁለተኛው ነው። መድኃኒት የተነከረውን አጎበር አዲስ ከሆነ ከመጠቀማችሁ በፊት አንድ ቀን ጥላ ላይ አናፍሱት። ስታጥቡት በቀዝቃዛ ውሃና በቀላል ሳሙና ይሁን፣ በረኪና አይንካው። ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ፀሐይ መድኃኒቱን ይገድለዋል። መድኃኒቱ 20 እጥበት አካባቢ እንዲቆይ ተደርጎ የተሠራ ነው። በየሳምንቱ የሚያጥቡ ንጹሕ ሴቶች አውቃለሁ፤ በስድስት ወር ተራ መረብ ያደርጉታል።

አንድ ሕግ ደግሞ አለ፣ ከሁሉም የሚከብደው። እንግዳ በሌለበትም ጊዜ ይህ በር ባዶ ይሆናል። ልጄ ሁልጊዜ ትፈትነኛለች። "ለአንድ ቀን ብቻ" ብላ ጃኬቷን ትሰቅላለች። ከጃኬቱ በኋላ ቀሚስ፣ ከቀሚሱ በኋላ ጫማ ይከተላል። እንግዳ ደግሞ እዚህ አገር ደውሎ የሚመጣው መንገድ ላይ ከሆነ በኋላ ነው። "ደርሰናል፣ መናኸሪያ ነን" ሲሉ ቁም ሳጥን ማራገፍ የለም።

የቤቱ ዕቃ

በሁለቱ በር ምን ይግባ ለሚለው አንድ ጥያቄ ይበቃኛል። "ይህን ዕቃ ፈልጌ፣ እንግዳው ተኝቶ እያለ በር ለማንኳኳት የምገደድበት ጊዜ ይኖራል?" መልሱ አዎ ከሆነ እዚህ አይቀመጥም። የልጆች ዩኒፎርም፣ ካውያ፣ የዘወትር መድኃኒት፣ ቻርጀር፣ የየቀኑ ፎጣ ይወጣሉ። ሰው ተኝቶበት ባለ ክፍል ገብቶ ቁም ሳጥን መጎርጎር እንግዳውን "ቶሎ ልሂድላቸው" ያሰኘዋል።

የሚገባው በዓመት አንድ ሁለቴ የሚፈለገው ነው። ትርፍ መጋረጃ፣ የበዓል ረከቦትና ስኒ፣ ለሚቀጥለው ልጅ የተቀመጠ የሕፃን ልብስ፣ የሰርግ ልብስ፣ የፎቶ አልበም፣ ባዶ ሻንጣዎች። ሻንጣዎቹን አንዱን ባንዱ ውስጥ ክተቱ። ሦስት ሻንጣ የአንዱን ቦታ ብቻ ይይዛል። ቡልኮና የክረምት ብርድ ልብስ ደግሞ በትልቁ ሻንጣ ውስጥ ይገባሉ። ሰኔ መግቢያ ላይ ይወጣሉ፣ ጥቅምት ላይ ታጥበው ይመለሳሉ።

በርበሬ፣ ሽሮ፣ እህል አይግባ። አይጥ ይጠራል፣ ነጭ ልብስ የበርበሬ ሽታ ይይዛል። ቀለም፣ ጋዝ፣ የተባይ መድኃኒትም ሰው በሚተኛበት ክፍል አይቀመጥም። ካርቶንም አልወድም። ርካሽ ነው፣ ሁሉም ሰው ከሱቅ ያመጣዋል። ግን እርጥበት ይጠጣል፤ በረሮ ደግሞ የካርቶን እጥፋት ውስጥ መኖር ነው የሚወደው። ክዳን ያለው ፕላስቲክ ሳጥን ይሻላል። ገንዘብ ከሌለ ብርድ ልብስ ሲገዛ የሚመጣበት ዚፕ ያለው ላስቲክ አለ አይደል? እሱን አትጣሉት። ውስጡ ያለው ከውጭ ይታያል፣ መያዣም አለው።

የማይታይ ሳጥን ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ በማርከር ጻፉበት። "መጋረጃ፣ የሳሎን" ብላችሁ። "ልዩ ልዩ" የሚል ሳጥን አይኑር። "ልዩ ልዩ" የተባለ ሳጥን ተከፍቶ አያውቅም።

ከባዱን ታች፣ ቀላሉን ላይ። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ግን ብርድ ልብስ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ሁሉም ላይ ይሰቅለዋል። ስታወርዱት አቧራው ዓይናችሁ ላይ ነው። የቺፕውድ መደርደሪያ ርዝመቱ ከ80 ሴንቲሜትር ከበለጠ መሃሉ ላይ ድጋፍ አስደርጉለት። አለበለዚያ በዓመት ውስጥ ወደ ታች ይጎብጣል።

ጋቢ፣ ቡልኮ፣ የሐበሻ ቀሚስ

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸው ይህንን ነውና።

ጋቢ አይሰቀልም። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ሲንጠለጠል በራሱ ክብደት ይለጠጣል፣ ጥለቱ ይጣመማል። ይታጠፋል። ቡልኮም እንዲሁ። ሁልጊዜ ግን በአንድ መስመር አትጠፉት። በየጊዜው የእጥፋቱን ቦታ ቀይሩ። አንድ መስመር ላይ ብቻ ለዓመታት የታጠፈ ነጭ ልብስ እዚያው መስመር ላይ ቢጫ ይሆናል፣ ክሩም ይደክማል።

ነጭ ልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ ቢጫ የሚሆንበት ሌላው ምክንያት ሳሙና ነው። በደንብ ያልለቀቀ ሳሙናና በረኪና ጨርቁ ውስጥ ይቀራል። ለማስቀመጥ የምታጥቡትን ልብስ ከዘወትሩ አንድ ጊዜ ጨምራችሁ አለቅልቁት። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅም አታስገቡ። በእጅ ስትነኩት የደረቀ የሚመስል ጋቢ ጠርዙ ላይ፣ ጥለቱ ጋ እርጥብ ይሆናል። ጥለቱን ጉንጫችሁ ላይ አድርጉት። ቀዝቀዝ ካለ አልደረቀም።

ባለ ጥልፍ ቀሚስ በላስቲክ አይታሸግም። ላስቲክ እርጥበቱን ውስጥ ይይዛል። አሮጌ ነጭ አንሶላ ቅደዱና በሱ ጠቅልሉት። እኔ የእናቴን የባህር ዳር ጨርቃ ጨርቅ አንሶላ ነው የምጠቀመው፤ ሳስቶም እንኳ ይተነፍሳል። ጥልፉን ወደ ውስጥ አድርጋችሁ እጠፉት። መደርደሪያው ላይ ጋዜጣ አታንጥፉ፣ ቀለሙ ነጭ ልብስ ላይ ይጋባል። ነጭ ወረቀት ይበቃል።

ነሐሴ ላይ ለሱባኤ የሚመጡ እንግዶች ሁለት ጋቢ ነው የሚፈልጉት። አንዱ ዝናብ ላይ ይረጥባል፣ ከገዳም ሲመለሱ ደረቅ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ በዚያ ወር አንድ የቤቱን ጋቢ ወደ እንግዳው መደርደሪያ አሸጋግራለሁ። "ውሰዱት" አልልም፤ እዚያ ያገኙታል።

ብልና ሻጋታ

ብል ብለን የምንጠራት ቢራቢሮ መሳይ ነገር ራሷ ልብስ አትበላም። የሚበላው ከእንቁላሏ የሚፈለፈለው ትል ነው። የሚወደውም ከእንስሳ የተገኘውን ነው፦ ሱፍ፣ ጸጉር፣ ላባ። ስለዚህ በርኖስ፣ ባና፣ የሱፍ ኮትና ሹራብ ናቸው ዋና ምግቦቹ። ጥጥ የሚነካው ላብ፣ ወጥ ወይም ቅባት ሲኖርበት ነው። ለዚህ ነው ያልታጠበ ልብስ የማይቀመጠው። "አንድ ቀን ብቻ ነው የለበስኩት" የሚባል ሱፍ ኮት ለብል ድግስ ነው።

ነጩ እንክብል፣ ናፍታሊን፣ በየሱቁ አለ። በእንግዳው በር በኩል አላስገባውም። ጭሱ ሰው ይተነፍሰዋል፣ ልጅ ደግሞ ከረሜላ መስሎት ይውጠዋል። በደማቸው ውስጥ አንድ ኢንዛይም የሚጎድላቸው ሕፃናት አሉ፤ ናፍታሊን ቀይ የደም ሕዋሳቸውን ያፈርሳል። ስለዚህ ከናፍታሊን ጋር የቆየ ብርድ ልብስ ወይም ልብስ ለሕፃን አይለበስም፣ አይደረብም። የግድ ካስፈለጋችሁ በተዘጋ ሻንጣ ውስጥ፣ ለበርኖሱ ብቻ፤ ሲወጣም ውጭ በደንብ ይናፈስ። ቅርንፉድ ሽታው ደስ ይላል፣ ያለውን ትል ግን አይገድልም። ትል ያገኛችሁበትን ሹራብ በፌስታል ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሳምንት አቆዩት። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ያለ ፍሪዘር ትሉንም እንቁላሉንም ይገድላል። ቤተሰቡ ከሥጋው ጎን ሹራብ ሲያይ ይስቃል። ይሳቅ።

ለሻጋታ ዋናው መድኃኒት አየር ነው። ከሰዓት በኋላ ከጣና ወደ ከተማው የሚነፍስ ነፋስ አለ፤ ቀን ላይ መሬቱ ከውሃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ነው። ዝናብ በሌለበት ከሰዓት የክፍሉን መስኮትና የቁም ሳጥኑን በሮች አብራችሁ ክፈቱ። ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ያህል ይበቃል። ሲዘንብ ግን ዝጉት፣ እርጥቡን አየር ነው የምታስገቡት። መደርደሪያውን እስከ ጫፍ አትጠቅጥቁ፤ ከኋላ አራት ጣት ያህል ክፍተት ይኑር። ሻጋታ ከወጣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ በሳሙናና በውሃ ጥረጉ፣ ከዚያ በሮቹን ከፍታችሁ አድርቁ። በረኪና ከተጠቀማችሁ ከአቼቶ ጋር አትቀላቅሉት። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ትልቁን ጽዳት ጥቅምት ላይ አድርጉት፣ ፀሐዩ ሲጠነክር። ሁሉም ይውጣ፣ ፀሐይ ይምታው (ከአጎበሩ በቀር)፣ ይራገፍ። ለጥር እንግዳም በዚያው ትደርሳላችሁ። ግንቦት ላይ ደግሞ ዝናቡ ሳይገባ ቀለል ያለ ፍተሻ።

ወርቅና ቁልፍ

ወርቅ፣ ገንዘብ፣ የቤት ካርታ በእንግዳው ክፍል አይቀመጥም። እንግዳውን ስለማናምነው አይደለም። አንድ ቀለበት ጠፋ ተብሎ ቤት ሲታመስ፣ ማንም ምንም ሳይለው እንግዳው ራሱ ይሳቀቃል። "እኔን ጠርጥረው ይሆን?" ይላል። ቀለበቱ ከሶፋ ሥር ቢገኝም ያ ሰው ዳግም አይመጣም። የራሳችሁ መኝታ ቤት አስቀምጡት።

የቤቱን ሁለት በሮች መቆለፍ ከፈለጋችሁ ሁልጊዜ የተቆለፉ ይሁኑ። እንግዳ ሲገባ ተነስቶ መቆለፍ ነውር ነው። የእንግዳው በር ቁልፍ ግን በሩ ላይ ይንጠልጠል። ቆልፎ ይዞት ቢሄድ መብቱ ነው። ሴት ልጅ ይዛ የመጣች እናት፣ ገንዘቡን ለሕክምና የያዘ ሰው ቁልፍ ያስፈልገዋል።

ሲመጡና ሲሄዱ

ማታውኑ፣ ራት ከተበላ በኋላ፣ እንግዳውን ወደ ክፍሉ ይዛችሁ ግቡ። በሩን ራሳችሁ ክፈቱት። "እትዬ፣ ይሄ የእርስዎ ነው። ይሄ ብርድ ልብስ፣ ይሄ ፎጣ። ባይጠቀሙበት እቀየማለሁ።" እኔ እንዲህ ነው የምለው። ወረቀት ጽፎ መለጠፍ እዚህ አይሠራም፤ አንዳንዱ አያነብም፣ የሚያነበውም ለሌላ ሰው የተጻፈ ይመስለዋል። "እቀየማለሁ" የምትለው ቃል ግን ይሉኝታን ታሸንፋለች። ፎጣውን አውጥታችሁ እጃቸው ላይ ስጡ። አንዱን ብርድ ልብስ ደግሞ አልጋው እግርጌ ላይ ዘርጉት። ካልበረዳቸው ይገፉታል።

ሲሄዱ ደግሞ አንሶላው ሳይነሳ በፊት ቁም ሳጥኑን ክፈቱ። የመስቀያውን ብረት፣ የመደርደሪያውን ጥግ፣ ታችኛውን ወለል እዩ። ነጠላ፣ የሐኪም ወረቀት፣ የመድኃኒት ፓኬት ይረሳል። የሐኪም ወረቀት ከሆነ ያኔውኑ ደውሉ፣ ምናልባት መናኸሪያ ሳይወጡ ይደረስባቸዋል። ነጠላ ከሆነ ታጥቦ፣ ስማቸው ተጽፎበት በፌስታል ይቀመጥ። የምትደውሉት እናንተ ናችሁ፤ እነሱ "ነጠላዬን ረስቼ ነበር" ብለው አይደውሉም። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ይላካል።